ሦስት ንጹሓን

«ላፕቶፑ ሠርቷል፤ ስለዚህ ኬብሉ ጤነኛ ነው።»

ይህን ያለው የእህቴ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተሬ በኬብል ኢንተርኔት አልቀበል ባለ ጊዜ፣ በክረምቱ መሀል፣ ደብረ ማርቆስ፣ ከሳሎናችን ቆሞ። ንግግሩ ተናግሮት ብቻ አልቀረም። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ምሳ እየበላሁ፣ አንዳንዴም ሌሊት ስነቃ እየተመለሰ ይሞግተኝ ነበር። እንከን ፈልጌ አጣሁለት። ላፕቶፑ በእርግጥ ሠርቷል፤ የተሰካበትም ያው ኬብል ነው። እንዲያም ሆኖ ልቤ «እሺ» አልል አለኝ። ልጁን ላለማስቀየም ዝም አልሁ እንጂ አልተረታሁም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመብረቅ ነው። ጎጃም ክረምት ላሳለፈ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ነጎድጓድ ሲጀምር ሁሉም ተሯሩጦ ቴሌቪዥኑን ይነቅላል፤ የስልክ መስመሩን የሚያስታውስ ግን የለም፣ መብረቁም ራውተሩን የሚያገኘው በዚያው መስመር በኩል ነው። አሮጌው ራውተራችን እንዲህ ሆኖ ቀረ። አዲሱን ገዝተን ስንሰካው ዋይፋዩ ቤቱን ሞላ፤ የእናቴ ክፍል ስልክም እንደ ወትሮው ጮኸ። እምቢ ያለው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ ከጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል የምሠራበት ዴስክቶፕ ኮምፒውተር። እርሱ የዋይፋይ ካርድ የለውም። ከራውተሩ ጋር የሚገናኘው በኮርኒሱ ውስጥ በተዘረጋ ረጅም ኬብል ነው። ያ ኬብል ዓመታትን ያለ አንዳች ቅሬታ አገልግሏል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ከክልሉ ጠፍቶ በነበረባቸው ወራት እንጀራዬ ያልተቋረጠው በእርሱ ምክንያት ነው።

እንግዳው ተጠርጣሪ

ኮምፒውተሬን የሚያንቀሳቅሰው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሥርዓተ ክወና ነው። ይህ ብቻውን ምርመራውን ገና ሳይጀመር ሊዘጋው ምንም አልቀረውም። የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን አምጥቶ ከኮምፒውተሬ የነቀለውን ኬብል ሰካበት፤ ገጾች ተከፈቱ። ኬብሉን ወደ እኔ ኮምፒውተር መለሰው፤ ምንም የለም። «አየህ፣ አጎቴ?» አለና ያችን ዓረፍተ ነገር ተናገራት። በማግስቱ ከከተማው አንድ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ የጠራነው ባለሙያ ደግሞ ወንበር ሳይስብ ፈረደ። «ጋሼ፣ ሊኑክስ ስለሆነ ነው። ዊንዶውስ ልጫንልዎትና ይገላገሉ።»

ሰውየው ተንኮለኛ አልነበረም። ዕለት ዕለት የሚያየው ዊንዶውስ ነው፤ በማያውቀው ማሽን ላይ ያየውን ችግር ለማያውቀው ነገር ሰጠው። ደግሞም ኮርኒስ ከመክፈት ሶፍትዌር መቀየር ይቀላል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። እኔ ሊኑክስን የመረጥሁት በፍልስፍና ተመርቼ አይደለም። ሥራዬ የመጻሕፍትን ገጽ ማቀናበር ነው። ደራሲውም ማተሚያ ቤቱም ፋይል የሚያቀብሉኝ በፍላሽ ነው፤ ከፍላሹ ጋር ደግሞ ያ ፋይሎችን ሸሽጎ በምትካቸው አቋራጭ ምልክት የሚተክለው ቫይረስ ይመጣል። ሊኑክስ ላይ እርሱ መድረሻ የለውም። እኔም ማሽኑ አሮጌ ቢሆንም እንቅልፌን እተኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ፈገግ አሰኝቶኛል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው የሊኑክስ አስኳል፣ ከርነል የሚባለው፣ ዛሬ በእያንዳንዱ የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። በአብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ውስጥም የሚሠራው እርሱ ነው። ባለሙያው የሊኑክስን ነገረኛነት ሲተነትንልኝ በመሀል የተደወለለትን ያነሣው በአንድሮይድ ስልኩ ነበር። ይህን ልነግረው አስቤ ተውሁት፤ ለመርታት የሚሆን እንጂ ኬብሉን የሚያበራ ነገር አልነበረምና።

ነገርን ከሥሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የኔትወርክ ሥሩ ሽቦው ነው። ብዙ ሰው ግን የሚጀምረው ከቅርንጫፉ ነው። ገጽ አልከፈት ሲል መጀመሪያ የሚደረገው ዲኤንኤሱን ወደ ጉግሉ 8.8.8.8 መቀየር ሆኗል፤ እኔ ዘንድ የመጣው ባለሙያም እጁ ወደዚያው ሄዶ ነበር። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚመልስ አገልግሎት ነው። በሽቦው ላይ አንዲት ምልክት ካልተንቀሳቀሰች ስሙም ቁጥሩም የሚሄዱበት የለም።

ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ተርሚናሉን፣ ከፍቼ «አይፒ ሊንክ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠሁት። ኬብሉ የሚሰካበት የኔትወርክ ካርዴ ኢኤንፒ3ኤስ0 የሚል የይለፍ ቃል የሚመስል ስም አለው። ድሮ ኢቲኤች0 ነበር የሚባለው፤ አዲሱ አሰያየም ካርዱ በማዘርቦርዱ ላይ የተሰካበትን ቦታ ስለሚናገር ረዘመ። ከስሙ አጠገብ «ኖ ካሪየር» የሚል ተጽፎበታል። ሲፈታ፦ ካርዱን አውቄዋለሁ፣ ሥራ አስጀምሬዋለሁ፣ ከወዲያኛው ጫፍ ግን የሚሰማኝ ምልክት የለም። ይህች አንዲት ቃል ከባለሙያው ግምት ሁሉ ትበልጥብኝ ነበር። ካርዱን ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ባይኖር ካርዱ ከነስሙ ባልታየ ነበር። ችግሩ ራውተሩ ለየዕቃው የሚያድለው የአድራሻ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ካርዱ ተገናኝቶ ቁጥር ሲለምን እናገኘው ነበር፤ ከራውተሩ መልስ ሲያጣ ብዙ ኮምፒውተር ለራሱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣልና እርሱም ይታወቃል። የእኔው ኮምፒውተር ግን እዚያ ደረጃ ላይም አልደረሰ። ራውተሩ ጀርባ ያለችው መብራት ለቅጽበት ብልጭ ትልና ትጠፋለች።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ወደ ሳሎን ወሰድሁት። ከአዲሱ ራውተር ካርቶን ውስጥ የወጣችውን አጭር ኬብል ሰካሁበት። መብራቱ በራ፣ አድራሻ አገኘ፣ ገጾች ተከፈቱ። ሊኑክሱ ያው ነው። ካርዱም ራውተሩም ያው ናቸው።

ሊኑክስ በዚህ ነጻ ወጣ ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። «እንግዲያው ሊኑክስ ረጅም ኬብል ላይ ይደክማል ማለት ነው» አለኝ፤ ተሳሳቅን። እንዲህ ያለው የኔትወርክ ኬብል፣ የኢተርኔት ኬብል የሚባለው፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ሆኖ የተወሰነ ነው፤ የእኛ ቤት ከዳር እስከ ዳር ቢለካ የዚያን ሢሶ አይሞላም።

ሳቁ ሲያልፍ ግን የቀረው ነገር አስቂኝ አልነበረም። ኮምፒውተሩ በአጭሩ ኬብል ይሠራል፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው። ረጅሙ ኬብል በላፕቶፑ ይሠራል፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው። ራውተሩ ከሁለቱም ጋር ይሠራል፤ እርሱም ንጹሕ ነው። ሦስት ተከሳሾች፣ ሦስቱም ምስክር አላቸው፣ ሦስቱንም በአንድነት ስታቆማቸው ግን ጥፋቱ ዐይንህ ፊት ይፈጸማል። ዳኛ ብሆን ምን እፈርድ ነበር? ከሦስቱ ምስክሮች አንዱ የሚመሰክረው ያልተጠየቀውን መሆን አለበት።

አፍ ዳገት አይፈራም

ኮምፒውተሩ ሳሎን እንዳለ፣ አጭሩ ኬብል እንደ ተሰካ፣ ኢትቱል የሚባለውን መሣሪያ አስነሣሁ። የኔትወርክ ካርድን ውስጥ ገብቶ የሚጠይቅ፣ ሊኑክስ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፍጥነት፦ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት። ከዚያ ልጁን ላፕቶፑን ከረጅሙ ኬብል ጋር እንዲሰካና የግንኙነቱን ሁኔታ የሚያሳየውን ሳጥን እንዲከፍት ጠየቅሁት። ፍጥነት፦ 100።

እዚህ ላይ ቆምሁ። ልጁም ዝም ብሎ ያየኝ ጀመር።

ላፕቶፑ ርካሽ ነው፤ የኬብል መሰኪያው ከ100 በላይ አይችልም። የሞተውን ራውተር ከመደርደሪያ አውርጄ ሆዱ ላይ የተለጠፈውን አነበብሁ። እርሱም 10/100 ይላል፤ ከ100 አያልፍም ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ኬብል ኮርኒስ ውስጥ ከተዘረጋበት ቀን ጀምሮ ከ100 የበለጠ ተጠይቆ አያውቅም። ኮምፒውተሬ ሁልጊዜም 1000 ይችል ነበር፣ የወዲያኛው ጫፍ ግን አይችልም ነበር። መብረቁ አሮጌውን ወስዶ አዲሱን ሲያስገዛን፣ ኬብሉ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ጫፉ 1000 በሚችል ዕቃ ተያዘ። ያን ጊዜም ወደቀ። ላፕቶፑ ይመሰክር የነበረው ስለ 100 ነው፤ ስለ 1000 የጠየቀው አልነበረም፣ እርሱም አያውቅም።

ለምን እንደሚወድቅ ለመረዳት ኬብሉ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ፣ አራት ጥንድ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጸደቀው የ100 ሜጋቢት ደረጃ የሚጠቀመው በሁለት ጥንድ ብቻ ነው፤ በአንዱ ይልካል፣ በሌላው ይቀበላል። የቀሩት አራት ሽቦዎች ሥራ ፈት ናቸው፤ ቢኖሩም ባይኖሩም ለውጥ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1999 የመጣው ጊጋቢት፣ ማለትም የ1000 ሜጋቢቱ ደረጃ፣ ግን አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ በእያንዳንዱም ጥንድ በአንድ ጊዜ ይልካል ይቀበላል። አንዱ ጥንድ ከጎደለ ግንኙነቱ በመዘግየት አያበቃም፤ ጨርሶ አይጀመርም።

ብዙ ያሰላሰልሁበት ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለት ዕቃዎች በኬብል ሲገናኙ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይደራደራሉ። «እኔ 10፣ 100፣ 1000 እችላለሁ» ይላል አንዱ። «እኔም» ይላል ሌላው። ሁለቱም በሚችሉት ከፍተኛ ላይ ይስማማሉ። ይህ ድርድር የሚካሄደው ደግሞ 100 ሜጋቢት በሚሠራባቸው በእነዚያው በሁለቱ ጥንዶች ላይ ነው። ጤነኞቹ ሽቦዎች ላይ ሆነው፣ የሌሉት ሽቦዎች ስለሚሠሩት ሥራ ተስማሙ ማለት ነው! አባይን ተሻግረው የሚጋቡ ሁለት ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው፣ ጥሎሹን ቆርጠው፣ ሠርጉን ነሐሴ ላይ አድርገው፣ ወንዙ በነሐሴ ያሻግር እንደሆነ ግን አንድም ሰው ሳይጠይቅ የተለያዩ እንደሆነ ማለት ነው። አፍ ዳገት አይፈራም። ተስማምተው ጊጋቢቱን ሊጀምሩ ይሞክራሉ፣ አይሆንም፣ ይለያያሉ፣ እንደገና ይደራደራሉ፣ እንደገና በ1000 ይስማማሉ። ራውተሩ ላይ ብልጭ ብላ የምትጠፋው መብራት ይህ ከንቱ ስምምነት ነበረች።

አንዳንድ ካርዶች ተደጋግሞ ሲከሽፍባቸው በራሳቸው ወደ 100 ዝቅ ይላሉ። ያን ጊዜ አዳዲሱ የሊኑክስ ከርነል በመዝገቡ ላይ «ፍጥነቱ ከተስማማንበት ዝቅ ብሏል፣ ኬብሉን ፈትሹ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሊጽፍ ይችላል። የእኔ ካርድ ይህን ብልኃት አያውቅም ወይም አልተጠቀመበትም። ብልኃቱ ቢኖረው ኖሮ እኔም ምንም ሳላውቅ ሥራዬን እቀጥል ነበር። የትኛው እንደሚሻል እስካሁን ከራሴ ጋር አልተስማማሁም። ዝም ብሎ ዝቅ የሚል ዕቃ ምቹ ነው፤ እምቢ የሚል ዕቃ ግን ቢያንስ እንድትጠይቅ ያደርግሃል።

ብርቱካናማና አረንጓዴ

ከዚህ በኋላ የቀረው ማየት ብቻ ነበር። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው ኮኔክተር በብርሃን ውስጧ የሚታይ ፕላስቲክ ናት። ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጌ አየኋት። ስምንት ሽቦ የሚገባባት ቦታ ላይ ያሉት አራት ናቸው፤ ነጭና ብርቱካናማ፣ ነጭና አረንጓዴ። በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ6 ቁጥር ቦታዎች ላይ፣ ልክ 100 ሜጋቢት የሚፈልጋቸው ቦታዎች ላይ፣ በጥንቃቄ ተቀምጠዋል። ሰማያዊውና ቡናማው የሉም። ይህ የአይጥ ሥራ አይደለም፤ አይጥ ቀለም አይመርጥም።

ኬብሉን ወደ ኋላ ተከትዬ ኮርኒሱ ጥግ ስደርስ ሰማያዊው ጥንድ ተገንጥሎ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ እናቴ ክፍል ይገባል። የእናቴ ስልክ የሚጮኸው በእርሱ ነው። ቡናማው ደግሞ ተጠቅልሎ በቴፕ ታስሯል፤ ምናልባት ለሌላ ቀን ታስቦ።

መስመሩን የዘረጋልንን ሰው አውቀዋለሁ፤ አሁን ሸምግለዋል፣ ቤታቸውም ሩቅ አይደለም። ሄጄ ያየሁትን ነገርኋቸው። ሊቆጡ ወይም ሊያፍሩ ይችላሉ ብዬ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረጉም።

«ያን ጊዜ አራቱ ይበቃል ተብለን ነው የተማርነው» አሉኝ። «ደግሞ እናትህ ስልኩ ወደ ክፍሌ ይግባልኝ አሉ። ሌላ ኬብል ለመግዛት ገንዘብ መጨመር ሊኖርባችሁ ሆነ። ሁለቱ ጥንድ እንዲያው ተቀምጠው አየኋቸውና አንዱን ለስልኩ አደረግሁት። አጠፋሁ እንዴ?»

«ኧረ የለም ጋሼ» አልኋቸው፤ ለይሉኝታ ብቻም አልነበረም። ለ100 ሜጋቢት ሥራቸው ትክክል ነው፤ ቦታዎቹ አልተዛቡም፣ ጥንዶቹ አልተቀላቀሉም። ስልክ ሲጠራ በሽቦው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ከዳታው እጅግ ስለሚበረታ ሁለቱን በአንድ ኬብል ማስኬድ አይመከርም፤ ያም ሆኖ በእኛ ቤት ጉዳት አላየንበትም። እኔን ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ኬብሉ ላይ «እዚህ ያሉት አራት ሽቦዎች ብቻ ናቸው» የሚል ቁራጭ ወረቀት አልተለጠፈም። ይህን ስላቸው ሳቁ። «ማን ያነበዋል ብዬ?» አሉኝ።

መፍትሔው ሁለት ዐይነት ነበር። አንደኛው አዲስ ኬብል መዘርጋት ነው፤ በዝናብ ወቅት ኮርኒስ መክፈት፣ የእናቴንም ስልክ በሌላ ሽቦ መቀጠል ይጠይቃል። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ከሚችለው በታች እንዲናገር ማድረግ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ኢንተርኔት ራሱ ለ100 የሚጠጋ አይደለም፤ ጊጋቢቱ የሚጠቅመኝ በቤት ውስጥ ከማሽን ወደ ማሽን ትልቅ ፋይል ባስተላልፍ ነው፣ እኔ ደግሞ ይህን አላደርግም። ሁለተኛውን መረጥሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ይወድቅበታል። ፍጥነትን ለመወሰን ድርድሩን ጨርሶ ማጥፋት ቀላሉ መንገድ ይመስላል። አንዱ ወገን ድርድር ሲያቆም ግን ሌላው ፍጥነቱን ከምልክቱ ቢያውቅም፣ መላክና መቀበል በአንድ ጊዜ ይቻል እንደሆነ የሚነግረው ስለሌለ በተራ በተራ ብቻ ወደሚለው ይመለሳል። አንዱ ሳይጠብቅ ይልካል፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። መስመሩ የተገናኘ ይመስላል፣ ፒንግ የሚባለው ትንሽ የሙከራ መልእክትም ይመለሳል፣ ፋይል ሲጫን ግን ይንፏቀቃል። ያን ጊዜ ደግሞ ጥፋቱን ፍለጋ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ስለዚህ ድርድሩን ሳላጠፋ፣ ካርዴ «የምችለው 100፣ በሁለት አቅጣጫ» ብሎ ብቻ እንዲያስተዋውቅ አደረግሁት። በመጀመሪያ በኢትቱል ሞከርሁት፤ መብራቷ በርታ ቀረች። በኢትቱል የተሰጠ ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ስለሚረሳ፣ ኋላ ያንኑ በኔትወርክ ማኔጀር የግንኙነቱ ቅንብር ውስጥ አስገባሁት። የኬብሉም ሁለት ጫፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጠፍሁበት።

የእህቴ ልጅ ከእኔ ጋር ወደ ሽማግሌው ቤት መጥቶ ነበር። ልንወጣ ስንል ጠየቃቸው፤ «ጋሼ፣ ሌላ ቤትም እንዲህ ሠርተዋል?» እርሳቸውም ሰፈር እየጠሩ መቁጠር ጀመሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያሉትን፣ ከገበያው ወዲህ ያሉትን፣ የሞቱትንም ሰዎች ቤት ሳይቀር። ልጁ ስልኩ ላይ እየጻፈ ሄደ። ከመካከላቸው በዚያው ክረምት ራውተር የቀየረ አንድ ቤት ተገኘ። ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ ነው። እርሱም በኬብል እምቢ ብሎ፣ የኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሏል ተብሎ አዲስ እንዲገዙ ተነግሯቸው ነበር።